በማይታየው ሞገድ ላይ ስላለው ወሰንና ስለ ጠባቂው

ሁለት ባላጋራዎች በዳኛ ፊት ቆመው ባንድ ጊዜ ቢናገሩ፤ ዳኛው ሊፈርድ፤ ጸሓፊውም ቃላቸውን ሊጽፍ አይችልም። ጥፋቱም ከድምፃቸው ማነስ አይደለም፤ ተራ ከማጣታቸው ነው እንጂ። የራዲዮ ነገርም እንዲሁ ነውና፤ በቤታችን ተቀምጠን የምንሰማው ድምፅ ጥርት ብሎ እንዲደርሰን የሚያደርገውን ሥርዐት በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ባጭሩ ልንገልጽ ወደናል።

የራዲዮ ሞገድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚርገበገብበት ቍጥር ፍሪኩዌንሲ ይባላል። መለኪያውም በጀርመናዊው ሊቅ በሄንሪክ ኸርዝ ስም ኸርዝ ተባለ። ሁለት ጣቢያዎች ባንድ አካባቢ ባንድ ፍሪኩዌንሲ ቢናገሩ፤ አንዱ የሌላውን ቃል ያጠፋል። ስለዚህ ሞገድ እንደ መሬት መለካትና መከፈል አለበት።

ይህ ነገር የመስማት ደስታ ጕዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፤ የታይታኒክን ታሪክ ያስብ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. አፕሪል 14 ቀን ሌሊት፤ ካሊፎርኒያን የተባለ መርከብ በበረዶ ተከቦ ቆሞ ነበር። ቴሌግራፈኛውም ይህንኑ ለታይታኒክ ለማስታወቅ ተጣራ። የታይታኒክ ቴሌግራፈኛ ግን የመንገደኞቹን የግል መልእክት በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ወዳለው ወደ ኬፕ ሬስ ጣቢያ ይልክ ነበርና፤ የቅርቡ ድምፅ የሩቁን ስለ ሸፈነበት ተቈጥቶ ዝም አሰኘው። ያም ሰው ሥራውን ብቻውን የያዘ ስለ ነበረ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ጥቂት ቈይቶ ታይታኒክ ከበረዶው ተራራ ጋር ተጋጨ፤ የድረሱልኝ ጥሪም ሲላክ በቅርብ የቆመው መርከብ የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። ከ1500 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት፤ ያለ ፈቃድ ማንም በራዲዮ እንዳይልክ የሚከለክል ሕግ አወጣ።

ሆኖም ያ ሕግ ጐደሎ ነበር። በ1926 ዓ.ም. በኢሊኖይ የተሰየመ ፍርድ ቤት፤ የንግድ ሚኒስትሩ ፈቃድ ከመስጠት በቀር አንድን ጣቢያ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ለመወሰን ሥልጣን አልተሰጠውም ብሎ ፈረደ። ዳኛ ባልተጻፈ ሕግ አይፈርድምና፤ ጉድለቱ የሕጉ እንጂ የዳኛው አልነበረም። ነገር ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ አዲስ ጣቢያዎች ባሻቸው ሞገድና ባሻቸው ኃይል ተነሡ፤ የሰሚዎቹም ቤት በጩኸት ተሞላ። ነጻነት መስሎ የነበረው ነገር ኹሉንም ድዳ አደረገ። በ1927 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 23 ቀን አዲስ ሕግ ወጥቶ፤ አምስት አባላት ያሉት ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ በ1934 ዓ.ም.ም ሥራው ዛሬ ላለው ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሲዮን ተላለፈ።

የዚህን ሕግ ፍሬ ነገር የአገራችን ሰው በቀላሉ ያስተውለዋል። በቀድሞው ዘመን ርስትና ማደሪያ የተለያዩ ነበሩ፤ ርስት ለልጅ ልጅ ያልፋል፤ ማደሪያ ግን አገልግሎት እስካለ ድረስ የሚያዝ ነው። የሞገድ ፈቃድም ማደሪያ እንጂ ርስት አይደለም። ዘመኑ የተወሰነ ነው፤ የሚሰጠውም ለሕዝብ ጥቅም ነው።

የጠባቂው መሥሪያ ቤት ሥራ በሦስት ይከፈላል። ፊተኛው መመደብ ነው፤ ሞገድ የመንግሥታትን ጠረፍ አያውቅምና፤ አገሮች ኹሉ መቀመጫው በጄኔቭ በሆነው በዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጉባኤ በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ እየተሰበሰቡ ድልድሉን ይወስናሉ። ሁለተኛው ፈቃድ ነው፤ ለያንዳንዱ ጣቢያ ፍሪኩዌንሲው፤ ኃይሉና የምሰሶው ስፍራ ተጽፎ ይሰጠዋል። ሦስተኛው ጥበቃ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚናገር ጣቢያ ቢገኝ፤ ከሁለት ስፍራ አቅጣጫው ይለካና መስመሮቹ በሚገናኙበት ቦታ ይያዛል።

በእኛ ክፍለ ዓለም የኤፍ ኤም ራዲዮ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ነው። ከ108 ጀምሮ ያለው ግን አውሮፕላን መንገዱን የሚያውቅበት፤ ከ118 እስከ 137ም አብራሪው ከምድር ጋር የሚነጋገርበት ነው። እንግዲህ ብልሹ ማሰራጫ ከወሰኑ ቢያልፍ፤ በሰማይ ያሉትን ነፍሳት ሊያሰጋ ይችላል።

በአገራችንም በ2011 ዓመተ ምሕረት በወጣው በ1148 ቍጥር ዐዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይህን አደራ ይዟል። ስለዚህ የቤት ጌታም ሆነ እመቤት፤ ከውጭ አገር የመጣ የድምፅ ማስተላለፊያ ወይም የስልክ ሞገድ ማጉያ ከመግዛታቸው በፊት፤ የተፈቀደ መሆኑን ይጠይቁ። ልጆቻቸውንም ያስተምሩ፤ የጎረቤትን አጥር የማይዘል ሰው፤ በዓይን የማይታየውንም ወሰን ሊያከብር ይገባዋልና።