ገንፎና ፊደል፦ የስኮትላንዳዊው ሰባኪ የቶማስ ገትሪ ሕይወት

የተራበን ሕፃን አስቀድሞ ማስተማር ይገባል ወይስ ማብላት? ከ170 ዓመታት በፊት ይህን ጥያቄ በኤዲንብራ ከተማ አንሥተው ምላሹን በተግባር ያሳዩትን የስኮትላንዳዊውን ሰባኪ የቶማስ ገትሪን ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን።

ገትሪ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1803 ዓ.ም. ብሪኪን በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1825 የስብከት ፈቃድ ቢያገኙም አጥቢያ ያገኙት ከአምስት ዓመታት በኋላ ነበር፤ በዚያን ዘመን ያለ ባለርስት መኳንንት ድጋፍ አጥቢያ ማግኘት አዳጋች ነበርና። እርሳቸው ግን ጊዜያቸውን በከንቱ አላሳለፉም፤ ወደ ፓሪስ ተሻግረው ሕክምና ተማሩ። ይህ ትምህርት በኋላ ወደ ድሆች ጎጆ ሲገቡ ሳይጠቅማቸው አልቀረም እንላለን።

በ1837 ወደ ኤዲንብራ ተዛውረው ካውጌት በተባለው የድሆች ሠፈር ማገልገል ጀመሩ። በዚያም ያዩት ልብ የሚሰብር ነበር፤ እናት አባት እያላቸው እንኳ በውስኪ ምክንያት ጠባቂ ያጡ፣ ቡትቶ የለበሱ ሕፃናት ይለምኑ፣ ይሰርቁም ነበር። የሚጠብቃቸውም ወኅኒ ቤት ነበር።

አንድ ቀን ገትሪ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ግድግዳ ላይ ሥዕል ተመለከቱ። ሥዕሉ ጆን ፓውንድስ የተባለውን የፖርትስመዝ ጫማ ሰፊ፣ አሮጌ ጫማ በጉልበቱ መካከል ይዞ ድሆች ሕፃናትን ሲያስተምር ያሳያል። ይህ ሰው ሕፃናቱን ወደ ትምህርት የሚስባቸው በትኩስ ድንች ነበር። ሰባኪውም እጅግ አፈሩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ጫማ ሰፊውን እንደ መምህራቸው ቆጠሩት።

በ1847 ስለ ቡትቶ ለባሾች ትምህርት ቤት የልመና ጽሑፍ አሳትመው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ትምህርት ቤቱም በከተማዪቱ ቤተ መንግሥት አምባ አጠገብ ተከፈተ። ልጆቹ ጧት መጥተው ይታጠባሉ፤ የአጃ ገንፎ ይበላሉ፤ ከዚያም ፊደል፣ መጽሐፍ ቅዱስና የእጅ ሥራ ይማራሉ፤ ማታም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

ዳሩ ግን ክርክር ተነሣ። ከልጆቹ ብዙዎቹ የአየርላንድ ካቶሊኮች ልጆች ስለ ነበሩ፣ ገንፎውን ለመብላት የሌላውን እምነት ትምህርት መቀበል ግድ ሆነባቸው የሚሉ ደጋፊዎች ተለይተው ሌላ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ገትሪ ከአቋማቸው ፍንክች አላሉም። እኛ ግን የተቃዋሚዎቹ አቤቱታ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለንም፤ የተራበ ሕፃን መምረጥ አይችልምና።

ገትሪ በ1873 ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት ከታላላቅ ሰዎች ጋር የቡትቶ ለባሾች ትምህርት ቤት ልጆችም አስከሬኑን ተከትለው ሄዱ፤ በመቃብሩም ዳር ቆመው ዘመሩ።