ላይኩ ለቪዲዮው ነው፤ ለአዝማሪውስ?

እስቲ ቲክቶክ ከፍታችሁ «የጎንደር አዝማሪ» ብላችሁ ፈልጉ። ማሲንቆ የያዘ ሰው አንዱ እንግዳ ፊት ቆሞ በግጥም ሲሸነቁጠው፣ ቤቱ በሳቅ ሲናጋ፣ እንግዳው እየተሽኮረመመ ኪሱን ሲዳብስ ታያላችሁ። ላይክ ታደርጋላችሁ፣ ለጓደኛ ትልካላችሁ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አመል አለብኝና ሁሌ የምጠይቀው ይቺን ነው፦ ላይኩ ለለጠፈው ሰው ደረሰው፤ ለአዝማሪውስ ምን ደረሰው?

ጥያቄው የሚገባችሁ የቤቱን አሠራር ስታውቁ ነው። ፒያሳና አካባቢው ካሉት አዝማሪ ቤቶች አንዱ ጋ ስትገቡ አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ ክፍያ የለም። ቢራው ከሌላው ቦታ ትንሽ ወደድ ሊል ይችላል፤ እሱ ግን የቤቱ ነው። አዝማሪው ዋና ተስፋው ሽልማት ላይ ነው፤ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው፣ ማሲንቆው ላይ የሚሰካው ብር። ከዚያች ብር ላይ ማሲንቆ መቺውም፣ ዘፋኟም፣ ከበሮ መቺውም፣ ጨፋሪዎቹም ይካፈላሉ።

የሚሸጠው ነገር ራሱ ይገርማል። መሣሪያው አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ፣ ቆዳ በለበሰ ሳጥን ላይ የተወጠረ። አዝማሪው ስማችሁን ይጠይቃል፣ ከየት እንደመጣችሁ ይሰማል፣ ከማን ጋር እንደተቀመጣችሁ በዓይኑ ይለካል፣ ከዚያ እዚያው በዚያው ስለ እናንተ ይገጥማል። እናንተም «ተቀበል!» ብላችሁ ስንኝ ከወረወራችሁለት ተቀብሎ ያዜማል። ሰሙ ያሞግሳችኋል፣ ወርቁ ይነካችኋል፤ የገባው ይስቃል፣ ያልገባው ሲስቁ አይቶ ይስቃል። ያ ግጥም ለእናንተ፣ ለዚያች ማታ የተሰፋ ልብስ ነው። በነገራችን ላይ አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። እናንተ ፊት ስለ እናንተ ቢነጋገሩ አይገባችሁም ማለት ነው!

ይህ ሙያ ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር ተብሎ ይታወቃል፤ ልጅ ሙያውን የሚማረው ከአባት፣ ከአጎት፣ ከዘመድ ነው። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ዘጋቢ ፊልም ጎንደር ጎዳና ላይ ማሲንቆ ይዘው የሚዞሩ የአዝማሪ ልጆችን ይከተላል። ደርግ ክፍለ ሀገሮቹን በኪነት ቡድን ሲያደራጅ ወሎ «ላሊበላ»ን፣ ጎጃም «ግሽ ዓባይ»ን ሲያቆሙ ጎንደር «ፋሲለደስ»ን ይዞ ወጣ። መድረኩ ይቀያየራል፤ ማሲንቆው ግን እዚያው አለ።

የፒያሳ ነገር ደግሞ ለብቻው ያስቀኛል። የጎንደር ፒያሳን የዛሬ መልክ ያበጀው ጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውን፣ ጠርዛቸው የተሞረደ የሚመስሉትን ሕንፃዎች ሠራ፤ ስሙንም ትቶልን ሄደ። ያው አገዛዝ በ1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ከጠንቋይና ከትንቢት ተናጋሪ ጋር ዘፋኝና ተረት ነጋሪ እየታደነ እንዲረሸን አዞ ነበር። በየቦታው እየዞረ ወሬ የሚያዳርስ፣ ነገርን በቅኔ ጠቅልሎ የሚያሳልፍ ሰው ከመሣሪያ በላይ ያስፈራል። እንግዲህ ዛሬ የአዝማሪው ልጅ የሚዘፍነው እነሱ በሠሩት ሰፈር ውስጥ ነው። ማን አሸነፈ?

አሁን ወደ ኢኮኖሚክሱ። ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1966 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ። ፋብሪካ በማሽን እየታገዘ በሰዓት የሚያመርተውን ይጨምራል፤ ሙዚቀኛ ግን አይችልም። አራት ሰው የሚጫወተው ሙዚቃ ከመቶ ዓመት በፊትም አራት ሰው ይፈልጋል፣ ዛሬም አራት። ማሲንቆም እንደዚያው ነው። በዐፄዎቹ ዘመን አንድ እንግዳን ለማወደስ የሚፈጀው ጊዜና ዛሬ የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው። ጤፉ፣ የቤት ኪራዩ፣ ታክሲው ግን ቆሞ አይጠብቅም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ኪሳችን ውስጥ ያለችው ብር ምን ያህል እንደቀለለች ሁላችንም እናውቃለን። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ትሸልሙት የነበረውን ብር ዛሬም የምትሸልሙ ከሆነ፣ በእርግጠኝነት ደሞዝ ቀንሳችኋል።

በዚህ ላይ የጎንደር ሁኔታ አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭትና በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ የሰዓት እላፊ ገደቡም መጣ፣ ቱሪስቱም ቀረ። ቢሮ የሚሠራ ሰው ማታ በጊዜ ቤቱ ቢገባ ደሞዙ አይነካም። የአዝማሪ ሥራ የሚጀምረው ግን ሌላው ሰው ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት ነው። ማታው ሲያጥር የተቆረጠው እንጀራው ነው።

የስልካችን ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ አምስት ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። አዝማሪዋ ስትደርስባቸው አራት ስልክ ተነሣ፤ ብር ያነሣው ግን አንዱ ብቻ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ይህን በነፃ መሳፈር እንለዋለን፦ ሌላው ይከፍላል ብሎ ሁሉም ሲያስብ ታክሲው ነዳጅ ያልቅበታል። «ቪዲዮው እኮ ማስታወቂያ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ስምና ቦታ ካለው። «ሃሃሃ አበደች» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለው ቪዲዮ ግን ማንን ነው የሚያስተዋውቀው? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንኳ ለከዋኙ፣ ማለትም መድረክ ላይ ለሚጫወተው ሰው፣ መብት ሰጥቶታል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው የእኛ ልማድ ነው።

እስቲ እናስላ። አሥር ጠረጴዛ ያለው ቤት እናስብ፤ በየጠረጴዛው አምስት ሰው። እያንዳንዱ ሰው ሃምሳ ሃምሳ ብር ቢሸልም 2,500 ብር ይሆናል። ለአምስት ባለሙያ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 500 ብር። ማንንም አያደኸይም፣ አንድ ቤተሰብ ግን ያሳድራል። «ዝርዝር የለኝም» የሚለው ሰበብ ደግሞ ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር ነው የሞተው። ቁጥሩን ጠይቁ፣ እዚያው ላኩ።

ገንዘብ የለንም ለምትሉ ደግሞ ጎንደር በነፃ የምታሳየው ብዙ ነው። ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከደጃፍ ደጃፍ እየዞሩ የሚያዜሙትን ላሊበሎች ስሙ፤ የቤቱን ባለቤት ስም እየጠሩ ምርቃቱን በዜማ ያወርዱታል። ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገዱ ሁሉ መድረክ ይሆናል፤ ሆታው፣ እስክስታው፣ የየገጠሩ ጎረምሳ ጭፈራ። ዩኔስኮ የኢትዮጵያን የጥምቀት በዓል በ2019 (እ.ኤ.አ.) በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ያለ ነገር አይደለም። ቴያትር ግን ከከተማ ከተማ የሚዞር እንግዳ ስለሆነ ማስታወቂያውን በዓይናችሁ ፈልጉ፤ ሲመጣ አዳራሹ ባዶ ከሆነ ሌላ ጊዜ አይመለስም።

አዝማሪ ቤት ስትሄዱ ከእኔ ሦስት ምክር ውሰዱ። አንደኛ፣ በጊዜ ሂዱ፤ ሰው ሳይበዛ የሚገጠምላችሁ ግጥም ይረዝማል፣ ወደ ቤት መግባቱም አያስቸግራችሁም። ሁለተኛ፣ ከመቅረፃችሁ በፊት «ልቅረፅ ወይ?» በሉ፤ ስትለጥፉም የአዝማሪውን ስምና የቤቱን ስም ጻፉ። ሦስተኛ፣ ስልክ ያነሣ እጅ ብርም ያንሣ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ቢሰድባችሁም ቻሉት፤ የከፈላችሁበት ስድብ ነው።