ዕድሜዋን የማትናገር ጠገራ

በወሎ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር የሚኖሩ እናቶች ሙዳይ ሲከፈት ከድሪው ጋር በጨርቅ የተቋጠረች ጠገራ ብር ብትገኝ ብርቅ አይደለም። አናቷ ላይ ጆሮ ተበይዶላት አንገት ላይ ስትውል የኖረች ናት፤ ፊቷ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት አፍንጫ ተልጎ ጉንጯ ለስልሷል። ወራሾቿ «ያረጀች ናት» ብለው ወደ አንጥረኛ ይወስዷታል። በግራም ተመዝና ትቀልጣለች። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

ጠገራ የምንላት የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ብር ናት። ክብደቷ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚያ ውስጥ 23 ግራም የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኛው የሚከፍለው ለዚህ ብቻ ነው። ሰብሳቢ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ጀርባዋ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ንግሥቲቱ ያረፈችበት። ከሞተች በኋላም ያው ዓመት ሳይለወጥ መታተሙ ቀጠለ። መጀመሪያ በኦስትሪያ ግዛቶች፣ ኋላ ደግሞ ጣልያን አገራችንን ሊወር በተዘጋጀበት በፈረንጆች 1935 በሮም፣ ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራሰልስና በቦምቤይ ታተመች። ስለዚህ «1780» የሚሉ ሁለት ጠገራዎች በመካከላቸው መቶ ሃምሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። የሚለዩዋቸው ትንንሽ ምልክቶች ናቸው፦ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎች አቀማመጥ፣ በጀርባዋ ያለው ባለሁለት ራስ ንስር የጭራ ላባ፣ የፊደሎቹ ቅርጽ። የድሮ ነጋዴዎቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ዕንቁዎቹ ጎልተው ያልታዩባትን ጠገራ አንቀበልም ይሉ ነበር።

የምኒልክን ብር ያገኘ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ፓሪስ ታትማ የወጣችው የመጀመሪያዋ ዓመቷ ፲፰፻፹፯ ነው። ገበሬውና ነጋዴው በለመዷት ጠገራ ስለጸኑ የንጉሡ ብር የማርያ ቴሬዛን ቦታ ሊወስድ አልቻለም። ጀርባዋ ላይ ያለውን አንበሳ ይዩት፤ ቀኝ እግሩን ነው ወይስ ግራውን ያነሣው? ሁለቱም ዓይነት አለ፣ ሰብሳቢዎችም ለያይተው ይመዘግቧቸዋል።

ብር ያልሆነችውን ስሙኒም አትናቋት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመዳብ ስሙኒ መጀመሪያ የወጣችው ክብ ሆና፣ መጠኗም ከብሩ ሽልንግ ጋር እኩል ሆኖ ነበር። ብልጦች ብር ቀብተው በሃምሳ ሳንቲም ያሳልፏት ጀመር። መንግሥትም ክቧን ሰብስቦ ጠርዟ እንደ አበባ ቅጠል የተቦረቦረችውን አወጣ። ሁላችን ልጅ ሳለን የምናውቃት ያቺን ናት። ዓመቱ በሁለቱም ላይ ፲፱፻፴፮ ስለሆነ ዓመቱን ማንበብ አይጠቅምም፤ ጠርዙን በጣት መዳሰስ ይጠቅማል። ጠርዟ ሳይቦረቦር ክብ ሆኖ የተገኘች ስሙኒ፣ ፊቷ ቢያልቅም እንኳ፣ ከብዙ አዳዲስ ሳንቲሞች ትበልጣለች።

በአመድና በሎሚ መፈተግ ግን ይቅር። ጥቁረቱ ቆሻሻ ሳይሆን የዘመን ቆዳ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፣ ሰብሳቢም የተፈተገችን ሳንቲም ከሩቅ ይለያታል። የተበየደውንም ጆሮ አይንቀሉት። ሰብሳቢዎች ጆሮ ያላትን ዝቅ አድርገው ይገምቷታል፤ እውነት ነው። ለእኔ ግን ጆሮዋ የወሎ አንጥረኛ እጅ ያረፈበት ስለሆነ ከቪየናው ሥራ አይተናነስም።

አንጥረኛ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ጠገራዋን ጠዋት በመስኮት ብርሃን ዘንበል አድርገው ያስተውሏት፤ ያለቀው ፊት በጥላው ብቅ ይላል። ዕንቁዎቹን ይቁጠሩ፣ ሁለቱንም ገጿንና ጠርዟን ፎቶ ያንሱ። ከዚያ እናትዎን «ይህች የማን ጥሎሽ ነበረች?» ብለው ይጠይቁ፣ የሚነግሩዎትንም በወረቀት ጽፈው አብረው ይቋጥሩት።