የማማው ተራ አስከባሪ

በአንድ የ4ጂ ማማ ዙሪያ ያለ ስልክ ሁሉ የሚጋራው ያንኑ የሞገድ ስፋት ነው። 20 ሜጋኸርዝ የተሰጠው ማማ፣ ጠርዙ ለመጠበቂያ ሲቀር፣ እያንዳንዳቸው 180 ኪሎኸርዝ የሆኑ 100 ቁራሾች ያድላል። የትኛው ቁራሽ ለማን እንደሚደርስ በየሚሊሰከንዱ የሚወስነው ፕሮግራም ስኬጁለር ይባላል። እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፤ ልዩነቱ በሰከንድ 1,000 ጊዜ መወሰኑ ነው።

ስልኩም ዝም አይልም። ሞገዱ ምን ያህል ጠርቶ እንደደረሰው ከ0 እስከ 15 ባለ ቁጥር ለማማው ያስታውቃል። ቁጥሩ ከፍ ሲል በአንድ ቁራሽ ብዙ ዳታ ይጫናል፤ ግድግዳ ሲጋርደው ያሽቆለቁላል።

ለሁሉም እኩል ተራ ቢሰጥ፣ ሞገድ በደከመበት ሰዓት የተሰጠው ተራ ይባክናል። ሁልጊዜ ሞገዱ ለጠራለት ቢሰጥ ደግሞ የማማው ጠቅላላ ፍጥነት ጣሪያ ይነካል፤ ዳር ያለው ሰው ግን አንድ ገጽ ሳይከፈትለት ይውላል።

መሀሉን መንገድ ያገኘው «ተመጣጣኝ ፍትሕ» የሚባለው ስሌት ነው። ሐሳቡን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የካምብሪጁ ፍራንክ ኬሊ በሒሳብ አስቀመጠው፤ በዚያው ዘመን አካባቢ ዴቪድ ትዜ ከ4ጂ በፊት በነበረው የሞባይል ዳታ ቴክኖሎጂ፣ በኢቪዲኦ ላይ እንዲሠራ አድርጎ ቀመረው። ስኬጁለሩ እያንዳንዱ ስልክ አሁን ሊቀበል የሚችለውን ፍጥነት እስካሁን ላገኘው አማካይ ያካፍላል። ለምሳሌ ማማው ሥር ያለ ወጣት አሁን በሰከንድ 20 ሜጋቢት መቀበል ይችላል እንበል፤ አማካዩ 10 ስለሆነ ውጤቱ 2 ነው። ዳር ያለችው ሴት የምትችለው 3 ብቻ ነው፤ አማካይዋ ግን 1 ስለሆነ ውጤቷ 3 ይሆናል። ተራው የእሷ ነው! ስትቀበል አማካይዋ ያድግና ቅድሚያው ወደ ሌላው ይዞራል። ተራ ያጣ ሰው ደግሞ አማካዩ እየወረደ ስለሚሄድ ተረስቶ አይቀርም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሞገድ ከቅጽበት ቅጽበት ይዋዥቃል፤ መሐንዲሶች ለዓመታት እንደ ጠላት ሲታገሉት ኖረዋል። ይህ ስሌት ግን እያንዳንዱን ሰው የራሱ ሞገድ ከወትሮው ሲያይል ጠብቆ ያስተናግደዋል፤ ስለዚህ መዋዠቁ ራሱ ጥቅም ይሆናል። የድምፅ ጥሪ ግን እንዲህ መጠበቅ ስለማይችል ቅድሚያ ይሰጠዋል።

ዓለም አቀፉ የ3ጂፒፒ ደረጃ ስኬጁለሩ በየትኛው ስሌት ይሥራ ብሎ አያዝም፤ ለአምራቹ ይተወዋል። ለአምራቹ ደግሞ ዳር ላለው ሰው ከማዘንበል ይልቅ ወደ ጠቅላላው ፍጥነት ማዘንበል ሊቀለው ይችላል። በዘርፉ ጥናቶች ከማማው ጠቅላላ ፍጥነት ጎን፣ መጨረሻ ላይ ያሉት 5 በመቶ ተጠቃሚዎች የሚደርሳቸው ፍጥነት ለብቻው የሚለካውም ለዚህ ነው።