ስለ ሣር እንቍራሪቶች ዐይነትና አከፋፈል

ክረምት ሲገባ በደጋው ጨፌ ዳር ሌሊት የሚሰማውን ጩኸት ሰው ኹሉ «እንቍራሪት ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ግን በዚያው ጩኸት ውስጥ ልዩ ልዩ ዐይነቶችን ለይተዋል።

ፕቲካዴኒዴ የተባለው ይህ የእንቍራሪት ቤተ ሰብ ዛፍ ላይ የማይወጣ፣ ኑሮው በሣርና በረግረግ መካከል በምድር ላይ የኾነ ነው። በሦስት ወገን ይከፈላል። ሂልደብራንድቲያ የሚባለው በኋላ እግሩ አፈር ቈፍሮ የሚቀበር ነው፤ ላንዛራና የተባለው በሶማሊያ የተገኘ አንድ ዐይነት ብቻ ነው። የቀሩት ከ50 የሚበልጡት ዐይነቶች ፕቲካዴና በሚባለው ወገን ይጠቃለላሉ። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲኾን እጥፋትን ያመለክታል፤ በጀርባቸው ላይ እንደ ትልም የተሰመረ የቈዳ እጥፋት አላቸውና።

ብዙ ያከራከረው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኤርንስት አል ሁለት ዐይነቶችን ኢትዮጵያን በጐበኙት በኤርላንገርና በኖይማን ስም ጠራቸው። ከዚያ ወዲህ በኖይማን ስም የተጠራችው እንቍራሪት በየተራራው እንዳለች ይቈጠር ነበር። መልካቸው ስለሚመሳሰል ይህ ስሕተት አያስደንቅም። በኋላ የዘር ቅንጣታቸው ሲመረመርና ወንዶቹ በጕንጫቸው ግራና ቀኝ ከረጢት ነፍተው የሚያሰሙት ድምፅ ሲነጻጸር፣ በአንድ ስም ሥር ብዙ ዐይነት ተሰውሮ ተገኘ። በ2017 ሦስት፣ በ2021 ደግሞ አራት አዳዲስ ዐይነቶች ተሰየሙ። ከፊተኞቹ አንዱ በአማራ ስም ተጠርቷል።

የልዩነቱ ምክንያት የአገሩ አቀማመጥ ነው። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ደጋውን ከሁለት ከፍሎታል፤ ከፍታውም ብርዱን ይለያያል። የደጋ እንቍራሪት ቈላ ወርዳ ወደ ማዶው ተራራ መሻገር አይኾንላትም። ስለዚህ የሐረና እንቍራሪት የተባለችው የምትታወቀው በባሌ፣ በሐረና ደን አካባቢ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የከተማና የገጠር ሹማምንትን ይመለከታል። ዐይነቱ አንድ ቢኾን ኖሮ አንድ ጨፌ ተጠንፍፎ ቢታረስ በሌላው ይተርፍ ነበር። ጠባብ ስፍራ ብቻ ያለው ዐይነት ግን ውሃው በቦይ ሲወሰድ ዕንቍላል የሚጥልበትን ያጣል፤ ከሌላ ተራራ መጥቶ የሚተካውም የለም። ቦይ ከመቈፈሩ በፊት ጨፌውን የሚያስመረምር ሹም ባለሙያውን መላክ የሚገባው በክረምት፣ ያውም በሌሊት ነው። በበጋ ቀን የሄደ መርማሪ ዝም ያለ ሣር አይቶ «ምንም የለም» ብሎ ይጽፋል።