ከመኪና ማቆሚያው እስከ አውሮፕላኑ ወንበር

በዊልቸር የሚንቀሳቀስ መንገደኛ፣ ኤርፖርቱ ሊፍቱንም መወጣጫውንም ቢያሟላለት፣ አውሮፕላኑ በር ላይ ሲደርስ ከገዛ ዊልቸሩ መውረድ ግድ ይሆንበታል። መተላለፊያው ስለማያሳልፈው በጠባብ ወንበር ታስሮ፣ በሰው ክንድ ተደግፎ ቦታው ይደርሳል። ዊልቸሩ ወደ ዕቃ ክፍል ይወርዳል። የቦይንግ 737 የዕቃ በር ቁመቱ አንድ ሜትር አይሞላም፤ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነው የባትሪ ዊልቸር ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በጎኑ ተጋድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ አየር መንገዶች ከ11 ሺህ የሚበልጡ ዊልቸሮችንና ስኩተሮችን አበላሽተዋል፣ አጥፍተዋል ወይም አዘግይተዋል። ዊልቸሩ የተበላሸበት ሰው ያን ዕለት እግሩን እንዳጣ ይቆጠራል፤ ዊልቸሩ በአካሉ ልክ የተሠራ ስለሆነ ከሱቅ ገዝቶ አይተካውም።

በአውሮፕላኑ በር ላይ ተጠያቂው ማነው? አሜሪካውያን በዚህ ለዓመታት ተሟግተዋል። የአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ያነሳው ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1986 ሰኔ፣ የፌዴራሉን ገንዘብ የሚቀበሉት ኤርፖርቶቹ እንጂ አየር መንገዶቹ ስላልሆኑ የ1973ቱ የፀረ መድልዎ ሕግ አይነካቸውም ሲል ወሰነ። ኮንግረሱ በዚያው ዓመት አየር መንገዶችን የሚያስገድድ ሌላ ሕግ አወጣ። ስንጥቁ ግን እንዳለ ቀረ፤ ሕንጻው በአንድ ሕግ፣ አውሮፕላኑ በሌላ ይተዳደራል።

አውሮፓ ከ2008 ሐምሌ ጀምሮ የተሻለውን መንገድ ይዟል። መንገደኛውን ኤርፖርት ከደረሰበት ቦታ አንስቶ ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ የማድረስ ግዴታ የኤርፖርቱ አስተዳደር ነው። ወጪው ከአየር መንገዶቹ ላይ በመንገደኛ ቁጥር ይሰበሰባል፤ ተረጂው ምንም አይከፍልም። ረዳት ጠፍቶ ባዶ አውሮፕላን ውስጥ መጠበቅ እዚያም አልቀረም፤ ግን መንገደኛው አቤት የሚለው ለማን እንደሆነ ያውቃል።

የእኛ ሰው ይህን አገልግሎት በሌላ በኩል ያውቀዋል። ዋሽንግተን ያሉ ልጆች እናታቸውን ሲያስመጡ ትኬቱ ላይ ዊልቸር ያስይዛሉ። እናት መራመድ አያቅታቸውም፤ የሚያሰጋው ቋንቋው በማይገባቸው ኤርፖርት መንገድ እንዳይጠፋባቸው ነው። ልጆቹ አይፈረድባቸውም፤ እጅ ይዞ የሚመራ ሰው ለማግኘት የሚያውቁት መላ ይኸው ነው። ነገር ግን መራመድ የማይችለውም ሰው ተራውን የሚጠብቀው እዚያው ወረፋ ላይ ነው። ዊልቸር ሳይሆን ሌላ እገዛ ለሚፈልግ ሰው ሌላ መላ ይቻላል፤ የለንደኑ ጋትዊክ ኤርፖርት በ2016 ጉዳታቸው በዓይን ለማይታይ መንገደኞች የሱፍ አበባ ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማሰሪያ ማደል ጀመረ፤ ሠራተኛው ያንን ሲያይ ረጋ ብሎ ያስረዳል። ለእናቶቻችንም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚመራ ሰው በስሙ ተጠርቶ ሊያዝ የሚችል አገልግሎት ቢሆን የዊልቸሩ ወረፋ ይቀል ነበር።

ኢትዮጵያ አሜሪካን ያስቸገረው ጣጣ የለባትም። ከ2017 ወዲህ ኤርፖርቶቹም አየር መንገዱም በአንድ ግሩፕ ሥር ናቸው፤ "ይህ የእኔ ድርሻ አይደለም" የሚል ወገን ሊኖር አይገባም። አገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ትራንስፖርትን በስም ይጠቅሳል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገነባው አዲስ ኤርፖርት ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል፤ አብዛኛው አውሮፕላን ቀይሮ የሚያልፍ ነው። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ በርና መጸዳጃ ቤት ማስፋት እጅግ ውድ ስለሆነ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በንድፉ ላይ ዛሬ መቀመጥ አለባቸው። ቢያንስ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በትራንዚት የሚያልፍ ሰው የራሱ ዊልቸር አውሮፕላኑ በር ላይ እንዲመለስለት፣ ከበር እስከ በር ያለው ርቀት እንዲያጥር፣ የተሳፋሪ ድልድይ በማይደርስበት ማቆሚያ ሁሉ ማንሻ መኪና አስቀድሞ እንዲመደብ።