ከጠረጴዛው በፊት በሩን ተመልከቱ፦ የእስያ ካዚኖዎች ትውውቅ

በሲንጋፖር፣ በማሪና ቤይ ሳንድስ ካዚኖ መግቢያ ላይ ሁለት ዓይነት እንግዳ ይስተናገዳል። የውጭ አገር ሰው ፓስፖርቱን አሳይቶ በነፃ ይገባል። የአገሩ ዜጋና ቋሚ ነዋሪ ግን ለ24 ሰዓት 150 የሲንጋፖር ዶላር፣ ለዓመት ከሆነ ደግሞ 3,000 ይከፍላል። ገንዘቡ መጫወቻ አይሆንም፤ ሰውየው በላም ተበላም አይመለስለትም። ቤተሰብ አመልክቶ አባወራውን ከደጃፉ ማሳገድ ይችላል። በመንግሥት ድጎማ የሚኖር ሰውማ ማንም ሳያመለክትበት የታገደ ነው።

ይህን ሁሉ የደነገገው ካዚኖውን የፈቀደው መንግሥት ራሱ ነው። ሲንጋፖር ለረጅም ዘመን ካዚኖን አልቀበልም ስትል ኖራ በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐሳቧን ለወጠች፤ በ2010 ሁለት ግዙፍ መዝናኛዎች ተከፈቱ። ቱሪስቱ ይምጣልኝ፣ የራሴ ሰው ግን እንዳይነካብኝ ማለቷ ነው። የእስያን የካዚኖ ንግድ ማወቅ የሚሻ ሰው ከቁማር ጠረጴዛው በፊት በሩን ቢመለከት ይሻለዋል እላለሁ። ካምቦዲያ ካዚኖ ሞልቷታል፤ ዜጎቿ ግን መጫወት በሕግ ተከልክለዋል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ካሉት ካዚኖዎች ለኮሪያውያን የተፈቀደው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የከሰል ማዕድን ማውጫዎች በተዘጉበት ተራራማ አካባቢ፣ ሥራ ላጡት ሰዎች መተዳደሪያ እንዲሆን ታስቦ በ2000 የተከፈተው ካንግዎን ላንድ ነው። በዙሪያው ዛሬ መኪናና ሰዓት መያዣ ተቀብለው የሚያበድሩ ሱቆች ተደርድረዋል።

ከሁሉም የምትገርመው ግን ማካው ናት። ስፋቷ 33 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቧ ወደ 680,000 የሚጠጋ ነው። ፖርቱጋሎች ቁማርን የፈቀዱባት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ በ1999 ለቻይና አስረከቧት። ስታንሊ ሆ የሚባል ባለሀብት የሚመራው ኩባንያ ከ1962 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ንግዱን ለብቻው ይዞት ቆየ። የብቻ መብቱ ሲያበቃ የላስ ቬጋስ ባለሀብቶች ገቡ፤ የመጀመሪያው ካዚኗቸው በ2004 ተከፈተ። በ2006 ማካው ላስ ቬጋስን በቁማር ገቢ ቀደመች። በ2013 ካዚኖዎቿ ከተጫዋቾች ያስቀሩት ገንዘብ 360 ቢሊዮን ፓታካ፣ በአሜሪካ ገንዘብ 45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ።

ምሥጢሩ የበር ጉዳይ ነው። በቻይና ምድር ካዚኖ የተፈቀደው በማካው ብቻ ነው። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ቁማርን ከልክላ አንዲት ጠባብ በር ስትተው፣ በበሩ የሚያልፈው ሰው ብዛት አይደንቅም።

ሰዉ የሚጎርፈው ደግሞ ባካራ ለሚባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ሁለት ምድቦች አሉት፤ አንዱ ባንክ፣ ሌላው ተጫዋች ይባላል። አዳዩ ለሁለቱም ሁለት ሁለት ካርታ ያወጣል፤ እንደ ደንቡ ሦስተኛ ሊጨመር ይችላል። ድምሩ ወደ 9 የቀረበው ምድብ ይበላል፤ ከ9 ካለፈ የመጨረሻው አሃዝ ብቻ ይቆጠራል። አስያዡ የትኛው ምድብ እንደሚበላ ከመገመት ሌላ ሥራ የለውም፤ ብልሃት የለበትም፣ ጥናትም አይረዳም። ከእያንዳንዱ 100 ብር የቤቱ ድርሻ በአማካይ ከ1 ብር ጥቂት ሳንቲም ከፍ ይላል። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ዙሩ ፈጣን ነው፤ በየዙሩ 100 ብር እያስያዘ 60 ዙር የተጫወተ ሰው በአማካይ ከ60 ብር በላይ ትቶ ይነሳል። ዛሬ የበላ ሰው ይኖራል፤ ነገ ተመልሶ መምጣቱን ግን ቤቱ ያውቃል። በመቶ ሺህ ዙር ውስጥ ዕድል የሚባል ነገር የለም፣ ሒሳብ ብቻ ነው።

የንግዱ ትልቅ ፈተና እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ገንዘቡ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። በ2013 ከማካው ገቢ ከሦስት እጅ ሁለቱ የሚመጣው ከትልልቅ ተጫዋቾች ልዩ ክፍሎች ነበር። ቻይናዊ በዓመት ወደ ውጭ ማውጣት የሚፈቀድለት 50,000 ዶላር ነው፤ የቁማር ዕዳም በቻይና ፍርድ ቤት አይጠየቅበትም። ክፍተቱን የሞሉት ጀንኬት የሚባሉት ደላሎች ናቸው፦ ባለሀብቱን ያመጡ፣ ማካው ላይ ያበድሩት፣ ዕዳውን አገር ቤት በራሳቸው መንገድ ይሰበስቡ ነበር። ቤይጂንግ በሙስና ላይ ዘመቻ ስትከፍት ትልልቆቹ ሰዎች ቀሩ። የደላሎቹ አውራ፣ የሰንሲቲ ባለቤት አልቪን ቻው በ2021 ተይዞ በ2023 መጀመሪያ 18 ዓመት ተፈረደበት። በዚያ ላይ የኮቪድ ወረርሽኝ ተጨመረ፤ የ2022 ገቢ ወደ 42 ቢሊዮን ፓታካ ወረደ። በ2024 እንደገና ወደ 227 ቢሊዮን አገግሟል፣ ለመዝናናት በሚመጣው ተራ ተጓዥ ኪስ።

ከወረርሽኙ በፊት ከማካው መንግሥት ገቢ አብዛኛው የቁማር ቀረጥ ነበር፤ ቋሚ ነዋሪዎቿም ለዓመታት በነፍስ ወከፍ በየዓመቱ እስከ 10,000 ፓታካ ሲከፈላቸው ኖሯል። የሕዝብ ኑሮ ቤይጂንግ ውስጥ በሚፈረም አንድ ትእዛዝ ላይ ሲንጠለጠል እኔ በረከት ለማለት እቸገራለሁ። የማካው መንግሥትም ሳይሰጋ አልቀረም። በ2023 ፈቃዳቸው የታደሰላቸው ስድስት ኩባንያዎች ሊያፈስሱ ቃል ከገቡት 118.8 ቢሊዮን ፓታካ ውስጥ 108.7ቱ ከቁማር ውጭ ለሆነ ሥራና ለውጭ አገር ጎብኚ ይውላል፦ ለሙዚቃ ድግስ፣ ለስብሰባ፣ ለስፖርት። የወደፊቱ ዕድል ያለው እዚህ ነው፤ ካዚኖው ከሆቴሉ አንድ ክፍል ሆኖ ሲቀር። ጃፓንም በዚሁ መንገድ ኦሳካ ላይ የመጀመሪያዋን ካዚኖ ለ2030 እየገነባች ነው፤ ነዋሪው 6,000 የን እንዲከፍልና በሳምንት ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይገባ ከወዲሁ ተደንግጓል።

ስልክ ግን በር የለውም። የካምቦዲያዋ ሲሃኑክቪል ከተማ በኢንተርኔት ቁማር ሳቢያ በጥቂት ዓመት ውስጥ በካዚኖ ተጥለቀለቀች። መንግሥት በ2019 ማብቂያ የኢንተርኔት ቁማሩን ሲያግድ ገንዘቡ ሸሸ፤ ተጀምረው ያላለቁ ፎቆች ቆመው ቀሩ። ከባዶዎቹ ሕንፃዎችና ካዚኖዎች አንዳንዶቹ በኢንተርኔት ሰው ማጭበርበሪያ ሆኑ፤ የምያንማር ድንበርም እንዲሁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2023 እንደገመተው ተገድደው በዚህ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በምያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ 100,000 ገደማ ናቸው።

ከእነዚህ መካከል የእኛ ልጆች አሉ። በየካቲት 2025 አንድ የታጠቀ ቡድን 260 ሰዎችን ከምያንማር አሻግሮ ለታይላንድ ሲያስረክብ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎች ወደዚያ የሚሄዱት ታይላንድ ውስጥ ጥሩ ደመወዝ ያለው የቢሮ ሥራ አለ ተብለው ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ የደረሰው ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ የሥራ ቦታው በትክክል የት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መልሱ ሜ ሶት የምትባለው የታይላንድ የድንበር ከተማ ወይም ከዚያ ተሻግሮ ያለው የምያንማር ድንበር ከሆነ፣ እባካችሁ ጉዞውን አስቀሩት።